የኩላሊት ሄማንጂዮማ ምንድን ነው?

ሄማንጂዮማ ከደም ስሮች የሚበቅል ዕጢ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይሰራጭም። ሕፃናት ቆዳ ላይ የሚወጣውን ቀይ እብጠት ያየ ሰው የዚህን ዕጢ ዘመድ አይቷል። ጉበት ላይ ደግሞ የተለመደ ነው፤ አልትራሳውንድ የሚያነሱ ባለሙያዎች በየጊዜው ያጋጥማቸዋል። ኩላሊት ላይ ግን ብርቅ ነው። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ብርቅ ስለሆነ ማንም ቀድሞ አይጠረጥረውም።

አንዳንዱ ሄማንጂዮማ ሽንት ከኩላሊት በሚንጠባጠብበት ጫፍ አካባቢ ይበቅላል። ትንሽነቱን አይተው አይናቁት። ጥቂት ሚሊሜትር ሆኖ ሽንትን ደም ያስመስላል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የረጋ ደም ወደ ታች ሲወርድ ግን ልክ እንደ ኩላሊት ጠጠር ጎንን ሰቅዞ ይይዛል። ሲቲ ስካን እንዲህ ያለችውን ትንሽ ነገር በቀላሉ ሊያልፋት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ቀጭን ካሜራ በሽንት ቧንቧ አስገብተው እስከ ኩላሊት ድረስ ይፈልጓታል። ሲያገኟትም ብዙውን ጊዜ እዚያው በሌዘር ይተኩሷታል። (ቀይ ስር በልቶ ሽንቱ የቀላበት ሰው አይደንግጥ፤ ደም ይሁን አይሁን የሽንት ምርመራ ይለየዋል።)

ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን አናስቶሞሲንግ ሄማንጂዮማ የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞንትጎመሪ እና ኤፕስታይን የተባሉ አሜሪካውያን የፓቶሎጂ ሐኪሞች (ከሰውነት የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ) ናቸው ራሱን የቻለ ዓይነት አድርገው የገለጹት። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ምልክትም አያሳይም። ሰው ለሌላ ሕመም ብሎ ምርመራ ሲያደርግ ድንገት ይገኛል። ኩላሊታቸው ሥራ ባቆመ፣ በተለይም እጥበት ላይ ባሉ ሕመምተኞች ዘንድ ደጋግሞ ታይቷል።

ሲቲ ስካን ሲነሳ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ደም የበዛበትን ቦታ አጉልቶ ያሳያል። ሄማንጂዮማ የደም ስር ክምችት ስለሆነ ቦግ ብሎ ይታያል። ችግሩ፣ በብዛት የሚታወቀው የኩላሊት ካንሰርም ደም የሚወድ ነው፤ እሱም ቦግ ይላል። በፎቶ ብቻ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። ሐኪሙ ወደሚያሰጋው ቢያደላ አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ካንሰር ነው ተብለው ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው፤ ትክክለኛ ስሙ የሚታወቀውም ከወጣ በኋላ ነው።

በማይክሮስኮፕ ሲታይም ነገሩ ወዲያው አይጠራም። ቀጫጭን የደም ስሮች እርስ በርስ ተጋጥመው መረብ ሠርተዋል። አቀማመጡ የጣፊያን ሥጋ ያስታውሳል። እንዲህ የተጠላለፈ የደም ስር ደግሞ የፓቶሎጂ ሐኪሙን አንጂዮሳርኮማ ወደሚባለው አደገኛ ካንሰር ሊወስደው ይችላል። የሚለያቸው ሴሎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። በሄማንጂዮማ ሴሎቹ ረጋ ያሉ ናቸው፤ እየተከፈሉ ሲባዙ እምብዛም አይታዩም፤ በአብዛኛው አንድ ረድፍ ሆነው የስሩን ግድግዳ ይሸፍናሉ። በአንጂዮሳርኮማ ግን ቅርጻቸው ይዛባል፣ እላይ በላይ ይደራረባሉ። በዚህ ልዩነት አንዱ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላው ከባድ ሕክምና ይጀምራል። እንግዲህ የፓቶሎጂ ውጤቱ «አንጂዮሳርኮማ» ከሆነና ዕጢው ትንሽ ከሆነ፣ ናሙናው ሌላ ልምድ ባለው ባለሙያ ደግሞ ይታይልኝ ማለት በእኔ እምነት ቅንጦት አይደለም።

ሄማንጂዮማን አንጂዮማዮሊፖማ ከሚባል ሌላ የኩላሊት ዕጢ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። እሱም ካንሰር አይደለም፣ ግን በደንብ የተለመደ ነው። ከደም ስር ሌላ ጡንቻና ስብ አለው። ሲቲ ስካን ስቡን ስለሚያይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይታወቃል። ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የመድማት አደጋው ስለሚጨምር ክትትሉ ይጠነክራል።

ሄማንጂዮማ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ተመልሶ መጣ ሲባል እምብዛም አይሰማም። ኬሞቴራፒም ጨረርም አያስፈልገውም። ኩላሊትዎ ላይ ትንሽ እብጠት ከታየ ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ። በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቻላል ወይ? ቀዶ ጥገና ግድ ከሆነስ፣ ኩላሊቱ ተርፎ ዕጢው ብቻ መውጣት ይችላል ወይ? እጥበት ላይ ያለ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ሳይጠይቅ ባይፈርም ጥሩ ነው።