ሰዎቹ ለምን ይሮጣሉ? ስለ ድሮ የመኪና ፋብሪካ ፊልሞች

ቦታው ሃይላንድ ፓርክ ነው፤ ከዲትሮይት ከተማ ጋር የተያያዘች ትንሽ ከተማ። ከፋብሪካው ፎቅ በወጣ የእንጨት መንሸራተቻ ላይ አንድ ካሮሴሪያ (የመኪናው የላይኛው አካል) ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ሞተርና ጎማ የተገጠመለት ሻንሲ (የመኪናው አጽም) ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰዎች ይቀበሉታል፣ ገፋ ጎተት አድርገው ቦታው ላይ ያስቀምጡታል። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትገባለች። ድምፅ የለም። ሁሉም ሰው የቸኮለ ይመስላል።

እንዲህ ያሉት ቁርጥራጭ ፊልሞች አብዛኞቹ የፎርድ ናቸው። ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያው በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የራሱን የፊልም ክፍል አቋቁሞ ነበር። መኪና ሠሪ ካሜራ ማንሣቱ ዛሬ ምንም አይደለም፤ ያኔ ግን ጉድ ነው። ክፍሉ ፋብሪካውን ብቻ አልቀረጸም። የየሳምንቱን ወሬ፣ ከተሞችን፣ እርሻን ሁሉ እየቀረጸ እስከ 1921 ድረስ ለሲኒማ ቤቶች ሳምንታዊ ፊልም ያቀርብ ነበር። በእርግጥ ማስታወቂያ ነው። ግን ብልህ ማስታወቂያ ነው፤ «መኪና ግዙ» እያለ አይነዘንዝም።

ለቀረጻ ሕንጻውም ረድቷል። የዚያን ዘመን ካሜራ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ፋብሪካ ደግሞ በተለምዶ ጨለማ ነው። በ1910 ሥራ የጀመረው የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ግን አርክቴክቱ አልበርት ካን መስኮት በመስኮት አድርጎት ስለነበር «የመስታወት ቤተ መንግሥት» እስከ መባል ደርሷል።

ፊልሞቹ ላይ የሚታየው አሠራር፣ ማለትም ዕቃው በሠራተኞቹ ፊት በመስመር እያለፈ የሚገጣጠምበት፣ የተጀመረው በ1913 ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ለካንዴላው እሳት በሚሰጠው ማግኔቶ ላይ ነበር። አንድ ሠራተኛ ብቻውን አንዱን ለመገጣጠም 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሥራው ለ29 ሰው ሲከፋፈል ወደ 13 ደቂቃ ወረደ፤ የመስመሩ ከፍታና ፍጥነት እየተስተካከለ ሄዶ 5 ደቂቃ ላይ ደረሰ። ከዚያ ተራው የሻንሲው ሆነ። የመጀመሪያው ሙከራ እንዲያውም ያስቃል፤ ሻንሲውን በገመድ እየጎተቱ፣ ገጣጣሚዎቹ አብረውት እየተራመዱ ዕቃውን ከመንገድ እያነሡ ይገጥሙ ነበር። ቀድሞ ከ12 ሰዓት በላይ የሚወስደው ሥራ በ1914 ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። አሁን የሚንቀሳቀሰው መኪናው ነው፣ ሰውዬው ቦታው ላይ ይቆማል። ብሎን የሚያስገባው ዳዶ አይገጥምም፤ ዳዶ የሚገጥመው አያጠብቅም።

እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት እንዲህ ያሯሯጧቸዋል!» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ጉዳዩ ግን ግማሹ የፊልሙ ነው። የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ካሜራ በእጅ ይዘወር ስለነበር በሴኮንድ 16 ገደማ ምስል ነበር የሚያነሣው፤ ያውም እንደ ዘዋሪው እጅ ከፍ ዝቅ ይላል። ያንኑ በኋላ በተለመደው በ24 ሲያሳዩት እንቅስቃሴው አንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል።

ሌላው ግማሽ ግን እውነት ነው፣ ያውም ካሜራው የማያሳየው እውነት። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዳዶ ማዞር ሰው ያሰለቻል። በ1913 የፎርድ የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ አንድን የሥራ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ለመሙላት ከሦስት ሰው በላይ ይቀጠር ነበር ማለት ነው። በጥር 1914 የተነገረው የቀን 5 ዶላር ክፍያ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደግነት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ሂሳብ ነው። ፊልሙ ላይ የሚለቅ ሰው አታዩም፤ ካሜራውን የያዘው አሠሪው ነዋ።

ከሃያ ዓመት በኋላ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ክፍል የሆነው ሸቭሮሌም ይህንኑ መንገድ ሄዷል። በ1936 ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት ከተማ በሚገኙ ፋብሪካዎቹ «ማስተር ሃንድስ» የተባለ ፊልም አሠራ። የቀለጠ ብረት፣ ግዙፍ መጭመቂያ፣ ከበስተጀርባ የኦርኬስትራ ሙዚቃ። ትርክት የለውም ማለት ይቻላል፤ እጅና ማሽን ብቻ። በጣም ያምራል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የዚያችው ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ማሽኑን አቁመው ፋብሪካው ውስጥ ተቀመጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በየካቲት 1937፣ ኩባንያው ለማኅበራቸው ዕውቅና ሰጠ።

ፎርድ የፊልም ክምችቱን በ1963 ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሰጥቷል። የዚያን ዘመን ፊልም አብዛኛው በናይትሬት የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ሳይነድም ከጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። የተረፈው ወደ አዲስ ፊልም የተገለበጠው ነው። ዛሬ ብዙው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የምታዩት ሰዎች የሚሮጡ ከመሰላችሁ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉት። ካሮሴሪያው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ያኔ የሠራተኞቹንም ፊት ታያላችሁ።