አቶማዊ ቁጥር፣ የመጠነ ቁስ ቁጥር እና አይሶቶፕ

አቶማዊ ቁጥር በአንድ አቶም ኒውክለስ (እምብርት) ውስጥ የሚገኙ ፕሮቶኖች (አዎንታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ብዛት ነው። የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚወስነው እሱ ብቻ ነው፤ 6 ፕሮቶን ያለው አቶም ሁሉ ካርቦን፣ 7 ያለው ሁሉ ናይትሮጅን ነው። በኒውክለሱ ዙሪያ ካሉት ኤሌክትሮኖች ቢያጣ ወይም ተጨማሪ ቢያገኝ አዮን (ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው አቶም) ይሆናል እንጂ ስሙ አይለወጥም።

የመጠነ ቁስ ቁጥር የፕሮቶኖችና የኒውትሮኖች (ኒውክለስ ውስጥ ያሉ ሙል አልባ ቅንጣቶች) ድምር ነው። ሶዲየም 11 ፕሮቶንና 12 ኒውትሮን ስላለው 23 ይሆናል። ኤሌክትሮን የማይደመረው የፕሮቶንን 1836ኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ነው።

ፕሮቶናቸው እኩል ሆኖ ኒውትሮናቸው የሚለያይ አቶሞች አይሶቶፖች ይባላሉ። ስያሜውን በ1913 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ሶዲ ነው፤ ቃሉን የመረጠችለት ግን ሐኪሟ ማርጋሬት ቶድ ነበረች። ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «እኩል ቦታ» እንደማለት ነው፤ የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች ሁሉ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ (ንጥረ ነገሮች በተርታ በተደረደሩበት ሰንጠረዥ) ላይ አንድ ሳጥን ይጋራሉና። በዚያው ዓመት የፊዚክስ ሊቁ ሄንሪ ሞዝሊ በኤክስሬይ ልኬቱ የሰንጠረዡን ቅደም ተከተል የሚወስነው ክብደት ሳይሆን አቶማዊ ቁጥር መሆኑን አሳየ። ቴሉሪየም (127.6) ከአዮዲን (126.9) እየከበደ ለምን እንደሚቀድመው የተፈታው በዚህ ነው፤ ቴሉሪየም 52ኛ፣ አዮዲን 53ኛ ነው። የሚገርመው፣ ለአይሶቶፖች ልዩነት ምክንያት የሆነው ኒውትሮን ገና አልታወቀም ነበር። ጄምስ ቻድዊክ ያገኘው በ1932 ነው።

ተማሪን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ክሎሪን ነው። ሰንጠረዡ 35.45 ይላል፤ የክሎሪን ፕሮቶኖች ብዛት የሆነው 17 ሲቀነስለት 18.45 ኒውትሮን ይወጣል። የኒውትሮን ቁራሽ ግን የለም! 35.45 የመጠነ ቁስ ቁጥር ሳይሆን አማካይ አቶማዊ መጠነ ቁስ ነው። በተፈጥሮ ከሚገኘው ክሎሪን 76 ከመቶ ያህሉ ክሎሪን-35 (የመጠነ ቁስ ቁጥሩ 35 የሆነው)፣ የቀረው ክሎሪን-37 ስለሆነ አማካዩ ወደ 35 ያዘነብላል። የመጠነ ቁስ ቁጥር የአንድ አቶም ቆጠራ ስለሆነ ምንጊዜም ሙሉ ቁጥር ነው።

የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች ኬሚካዊ ባሕርይ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የኒውክለሳቸው መረጋጋት ግን ሊለያይ ይችላል። ካርቦን-12 የተረጋጋ ሲሆን ካርቦን-14 በ5730 ዓመት ገደማ ግማሹ ይፈርሳል፤ የጥንት ቅሪቶች ዕድሜም የሚሰላው በዚሁ ነው። «ከሞላ ጎደል» ያልኩት በሃይድሮጅን ምክንያት ነው። አንድ ኒውትሮን የጨመረው ዲዩተሪየም ከተራው ሃይድሮጅን እጥፍ ስለሚከብድ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ከዲዩተሪየም የተሠራው «ከባድ ውሃ» የሚረጋው በ3.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በረዶውም በተራ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል።