«ፌሮ ከታች ነው» የሚለው ስህተትና ስለ መጉበጥ የሚነገሩ ሌሎች አባባሎች

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የመኖሪያ ቤት ግንባታዎችን ስቆጣጠር ባሳለፍኋቸው 18 ዓመታት ከባለቤቶች፣ ከፎርማኖችና፣ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ፣ ዲግሪ ከያዙ ወጣት መሐንዲሶች ጭምር ኮንክሪት ውስጥ ስለሚቀበረው ብረት (ፌሮ) ደጋግሜ የሰማሁት አንድ አባባል አለ፤ «ፌሮ ሥራ የሚሠራው ከታች ነው፤ የላይኛው ለወጉ ነው» ይላሉ። በሰማሁት ቁጥር ሥራ አስቁሜ ሳስረዳ ኖሬአለሁ፤ ቃሌ ግን ከአንዱ ሳይት ወደ ሌላው ስለማይሻገር በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንሁ።

አባባሉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በሁለት ኮለኖች (ቋሚ ምሰሶዎች) ላይ ያረፈ ቢም (አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ) ሸክም ሲጫነው መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል፤ በዚህ ጊዜ የላይኛው ክፍሉ ይታመቃል፣ የታችኛው ክፍሉ ይወጠራል። ኮንክሪት መታመቅን በሚገባ ይችላል፤ ውጥረትን የመቋቋም አቅሙ ግን የዚያ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮንክሪቱ በሚደክምበት በኩል ፌሮ ይገባና ውጥረቱን ይቀበላል። ደንቡ ፌሮ በሚወጠረው በኩል ይሁን የሚል ነው፤ «ከታች» የሚለው በዚህ ዓይነት ቢም መሐል ላይ ብቻ የሚሠራ የደንቡ አንድ ውጤት ነው።

አንዱ ጫፉ ብቻ ተይዞ ሌላው በአየር ላይ የቀረ ባልኮኒ ግን ተቃራኒው ይደርስበታል። ማመን የሚከብደው ሰው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወስዶ በጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያሉ መስመሮችን ያስምር፤ ከዚያም ግማሹን ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ አጥብቆ ይዞ ከጠረጴዛው የወጣውን ጫፍ ወደ ታች ይጫነው። መስመሮቹ ከላይ ሲራራቁ ከታች ሲቀራረቡ ያያል፤ የተራራቁበት በኩል የተወጠረው ነው። በብዙ ኮለኖች ላይ ተያይዞ የሚሄድ ቢምም በመሐለኛው ኮለን አናት ላይ የሚወጠረው ከላይ ነው። በዚያ ላይ ባልኮኒ የሚሸከመው ጭንቅ ከባድ ነው፤ ርዝመቱና በላዩ የተዘረጋው ሸክም እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከግድግዳው ሥር የሚደርስበት የመጉበጥ ኃይል በሁለት ጫፎቹ በነጻ ባረፈ ቢም መሐል ከሚደርሰው 4 እጥፍ ነው። እንግዲህ «ለወጉ» የተባለው የላይኛው ፌሮ ባልኮኒውንና በላዩ የቆመውን ሰው የያዘው ብቸኛ ነገር ነው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የባለ 2 ፎቅ ቤት ባለቤት ጠርተውኝ ሄድሁ። ወደ ውጭ 1.5 ሜትር የወጣው ባልኮኒያቸው ከበሩ ደፍ ጎን ለጎን ረጅም ስንጥቅ አውጥቶ ጫፉም ወደ ታች አዘንብሎ ነበር፤ እርሳቸው በሲሚንቶው ጥራት ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው። በእንጨት ካስደገፍነው በኋላ ኮንክሪቱን ፈልፍለን ስናይ ፌሮው በቁጥርም ሆነ በውፍረት ከዲዛይኑ ጋር አንድ ነው። የሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ የፌሮው መሐል ከታችኛው ገጽ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መገኘት ሲገባው ያገኘነው 7 ላይ ነው። ኮንክሪት በተሞላበት ቀን ሠራተኞቹ ካሪዮላ እየገፉ ረግጠውት፣ ፎርማኑም የላይኛው ፌሮ አያሳስብም ብሎ አልፎታል። የመጉበጥ አቅም በዋናነት የሚለካው በፌሮው መጠንና ከሚታመቀው ገጽ ባለው ርቀት ብዜት ስለሆነ፣ ይህች 5 ሴንቲ ሜትር ከአቅሙ ከ40 በመቶ በላይ ወስዳለች። ባለቤቱ የገዙት ብረት ሁሉ በቦታው አለ፤ ግማሽ የሚጠጋው ጥቅሙ ግን የለም። ባልኮኒው ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ይህን እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ። የላይኛው ፌሮ ከሥሩ ከፌሮ ታጥፎ የተሠራ ባለ እግር መደገፊያ ይግባለት፤ በየ1 ሜትሩ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ይቀመጥ፤ ሠራተኛ ፌሮውን ሳይሆን በላዩ የተዘረጋ ጣውላ ይርገጥ። ፌሮው ባልኮኒው ወደ ውጭ ከወጣበት ርዝመት በማያንስ ልክ፣ ቢቻል አንድ ተኩል እጥፍ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ከሶሌታው ጋር ይታሰር፤ ከቢሙ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ፌሮ ምንም አይይዝም። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ እየተሞላም ሳለ፣ ከፍታውን በሜትር ለኩ፤ ፎቶ አንሡ። ድጋፉ ሲነሣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ይምጣ። ከግድግዳው በኩል ጀምረው ያነሡ ሰዎች ጫፉን ምሰሶ ላይ አስቀርተው፣ መሐሉን ፌሮ በሌለበት በታች በኩል እንዲወጠር ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ስህተት «ጫፉ ላይ ምሰሶ ብናቆምለት ይጠነክራል» የሚለው ነው። ለባልኮኒነት የተሠራ ሶሌታ ጫፉ ላይ ጠንካራ ምሰሶ ሲገባለት መሐሉ ከታች ይወጠራል፤ በዚያ በኩል በቂ ፌሮ ከሌለው አዲሱ ምሰሶ አዲስ ስንጥቅ ያመጣል። ለጊዜው ከአደጋ ማዳኛ ድጋፍና ለዘለቄታው የሚቆም ምሰሶ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው ያለ ስሌት አይሠራም።

«ፌሮ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚሉትም ብዙ ናቸው። አንድ ባለቤት በዲዛይኑ የተጻፈውን ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁጥሩን ሳይቀንሱ በባለ 20 አስቀይረው በኩራት አሳይተውኛል፤ ፌሮው ተቆርጦ ሲታይ ያለው የገጽ ስፋት ከእጥፍ በላይ ማደጉን ግን አላሰቡትም። በደንብ የተሠራ ቢም ከአቅሙ በላይ ሲጫን መጀመሪያ ብረቱ ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ቢሙ ይጎብጣል፣ በቤቱ ያለ ሰውም ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ብረቱ ከልክ ካለፈ ግን ቀድሞ የሚደቀው የታመቀው ኮንክሪት ስለሆነ ቢሙ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል። ጠጠሩም በታጨቀ ፌሮ መካከል ስለማያልፍ ከሥር ባዶ ቀዳዳ ይቀራል።

«ሲሚንቶ ከበዛበት ውኃው ምንም አይደለም» ለሚሉ፦ ጥንካሬን የሚወስነው የውኃው መጠን ከሲሚንቶው ጋር ያለው ምጣኔ ነው። «የተሰነጠቀ ቢም ሁሉ ሊወድቅ ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ በቢም የታችኛው ክፍል የሚታይ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቀጭን ስንጥቅ ፌሮው ሥራውን ስለ ጀመረ የሚመጣ ነው፤ የሚያሰጋው እየሰፋ የሚሄደውና ከኮለኑ አጠገብ ሰያፍ ሆኖ የሚወጣው ነው።

ለመወጣጫ የሚነጠፍ ጣውላም «ወፍራም ስለሆነ እንዴትም ቢቀመጥ ያው ነው» ይባላል። 5 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በጠባቡ ጎኑ ሲቆም በሰፊው ጎኑ ከተጋደመው ይልቅ 4 እጥፍ ሸክም ይችላል፤ ላለመጉበጥ ያለው ግትርነት ደግሞ 16 እጥፍ ነው። ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ይህን የከፍታ ብልጫ በትክክል አሳይቷል፤ ምንም እንኳ የስብራቱን መጠን ሲያሰላ የሚታመቅ ክፍል መኖሩን ስቶ ቢሳሳትም።

ጭቃ ቤት ሲመረግ የሚጨመረው የጤፍ ጭድ «ጭቃ ለማብዛት ነው» ሲባልም ሰምቻለሁ፤ እውነቱ ግን ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣውን ውጥረት ተቀብሎ ስንጥቅን የሚይዝ መሆኑ ነው። በዚሁ መንገድ የመስታወት ቀጫጭን ክሮችን (ፋይበርግላስ) ከሙጫ ጋር አዋህደው የሚሠሩ ዘንጎች በብረት ፌሮ ፋንታ ይቀርባሉ፤ ሻጮቹም «ከብረት ይበልጣል» ይላሉ። ሲጎተት ለመበጠስ ያለው አቅም በእርግጥ ከተራ ፌሮ ይበልጣል፣ ክብደቱም ሩብ ገደማ ነው፣ አይዝግም። ግትርነቱ ግን ከብረት ሩብ አካባቢ ስለሆነ በአንድ ዓይነት ውፍረትና ቁጥር ብረትን ተክቶ ከገባ ቢሙ አብዝቶ ይጎብጣል፣ ስንጥቁም ይሰፋል፤ ሲበጠስም ቀድሞ ሳይለጠጥ በአንድ ጊዜ ነው። ሳይት ላይም ስለማይታጠፍ ስታፋው (ዋናዎቹን ዘንጎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) ከፋብሪካ ታጥፎ መምጣት አለበት።