የምላጭ ጠፍርና አመራረጡ በአዳማ

የምላጭ ጠፍር ታጣፊ ምላጭ ጢም ከመላጨቱ በፊት የሚታሽበት፣ ከቆዳ ብቻ ወይም ከቆዳና ከጨርቅ የሚሠራ መሣሪያ ነው። የዶለዶመን ምላጭ የሚመልሰው የመሳያ ድንጋይ ሲሆን፣ የጠፍሩ ድርሻ በድንጋይ የወጣው ስለት ለብዙ ሳምንታት ሳይበላሽ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ምላጩ በጠፍሩ ላይ ተኝቶ፣ ጀርባው ቀድሞ ስለቱ እየተከተለ ይጎተታል፤ ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ተገልብጦ ይመለሳል። በስለቱ በኩል ከተገለበጠ ቆዳውን ይቆርጠዋል፣ ራሱም ይጎዳል።

ታጣፊ ምላጭ በዓለም ገበያ የታወቀው በተለይ በእንግሊዟ ሼፊልድና በጀርመኗ ዞሊንገን አንጥረኞች ሥራ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት በሚቀየር ስስ ምላጭ ለሚሠራው መላጫ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ ግን ጠፍር ቀስ በቀስ ከብዙ ቤቶች ወጥቷል።

በአዳማ ፀጉር ቤቶች ዛሬ የሚሠራበት በመያዣ ውስጥ የሚገባና ለአንድ ደንበኛ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ምላጭ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ በተካሄደው ሰፊ ትምህርት፣ ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አለመጠቀም ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው ደንብ ሆኗል፤ ደንቡም ትክክል ነው። ቆዳ እንደ ብረት ተቀቅሎ ከጀርም ስለማይጸዳ፣ የበርካታ ሰዎች ምላጭ የሚታሽበት ጠፍር በሕዝብ መገልገያ ቤት ሊኖር አይገባም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የራሱን ምላጭ በቤቱ ለብቻው ለሚጠቀም ሰው ነው።

የጠፍር ጥራት ከሁሉ በፊት የሚወሰነው በቆዳው አለፋፍ ነው፤ በዚህ ረገድ የአዳማ ነዋሪ ዕድለኛ ነው። ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሞጆ የአገሪቱ የቆዳ ኢንዱስትሪ ዋና ማዕከል ስትሆን፣ በቆቃ ሐይቅ አቅራቢያ በምትገኘው ኤጀርሳም አንጋፋ የቆዳ ፋብሪካ አለ። የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ ለጓንት፣ የባቲ ፍየል ሌጦም ለልዩ ልዩ ውድ ዕቃዎች በዓለም ገበያ የተከበሩ ናቸው፤ ሆኖም ሌጦ ስስና ተለጣጭ በመሆኑ ለጠፍር አይመከርም። ለጠፍር የሚፈለገው የከብት ቆዳ ነው፤ እርሱም ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ካለው የጀርባና የዳሌ ክፍል የተቆረጠ መሆን አለበት። የሆድ ዕቃው አካባቢ ቆዳ ልል ስለሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ይለጠጣል፣ መሐሉም ይሰረጉዳል። የአገራችን ከብት ቆዳ የእሾህ ጭረት፣ የመተኮሻ ምልክትና በአገፋፈፍ ጊዜ የሚደርስ የቢላ ጉዳት ይበዛበታል። ለጫማ የሚሆን ትንሽ ጠባሳ ለጠፍር አይሆንም፤ ምክንያቱም ስለቱ በእያንዳንዱ ምልልስ ያንኑ ጉብታ ይመታል።

የሞጆ ፋብሪካዎች በብዛት የሚያመርቱት ክሮም በተባለ የብረት ዓይነት ጨው የለፋ የጫማና የጃኬት ቆዳ ነው። ክሮም ቆዳን በአጭር ጊዜ ያለፋል፣ ለስላሳና ሙቀት የሚችልም ያደርገዋል፤ ለጠፍር ግን ይህ ልስላሴ ጉድለት ነው። ከዛፍ ቅርፊት በሚገኝ ታኒን ለሳምንታት የለፋ ቆዳ ጥብቅና ዝርግ ሆኖ ይቀራል፤ የዓለም ጠፍር ሠሪዎች በአብዛኛው የሚመርጡትም ይህንኑ ነው። በዚህ ሥራ እጅግ የታወቀው ሚሞሳ የተባለው ማልፊያ የሚገኘው ከአውስትራሊያ በተስፋፋ የግራር ዘመድ ቅርፊት መሆኑን፣ በግራር በተሞላው ስምጥ ሸለቆ የሚኖር አንባቢ ልብ ይለዋል። ገዢው ሁለቱን ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከት፤ በክሮም የለፋው መሐሉ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሲሆን፣ በዕፅዋት የለፋው ዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው። ቀለም ባልተቀባ ቆዳ ላይ የውኃ ጠብታ ሲጣልም በዕፅዋት የለፋው ፈጥኖ ይጠጣውና ይጠቁራል።

ስፋቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍር የምላጩን ርዝመት ሁሉ ስለሚሸፍን ለጀማሪ ይቀላል፤ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ምላጩን በሰያፍ መጎተት ግድ ነው። የሚታሽበት ርዝመት ከ40 ሴንቲ ሜትር ባያንስ፣ ውፍረቱም ከ2.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ቆዳው በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከየትኛውም በኩል መነሣት የለበትም። በጣት ሲዳሰስ ውፍረቱ እኩል፣ ፊቱ ያልታተመና ያልተለበጠ መሆን አለበት፤ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ መሰል ልባጥ ያለው ቀበቶ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለጠፍርነት አይሆንም። ከጀርባው የሸራ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ያለው ጠፍር የተሻለ ነው፤ ምላጩ በቅድሚያ በጨርቁ ላይ 20 ወይም 30 ጊዜ፣ ከዚያም በቆዳው ላይ 50 ጊዜ ያህል ይመላለሳል።

በውጭ አገር ከፈረስ ዳሌ የሚወጣው ኮርዶቫን የተባለ ቆዳ ከሁሉ ይበልጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዝግጅቱ ቢያንስ 6 ወር የሚፈጅ፣ የፊቱ ልሙጥነትም የማይካድ ቢሆንም፣ በሚገባ የተመረጠ የበሬ ቆዳ ለፊት በሚሰጠው ምቾት ከእርሱ አያንስም። ቅባት ያልተቀባ ባዶ ቆዳ ብረት ይፍቃል ወይስ የተጣመመ ጫፍ ብቻ ያቃናል የሚለው በተጠቃሚዎች መካከል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምናልባትም ሁለቱም በመጠኑ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከብረቱ 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰው የሰው ፀጉር በተወሰነ ሁኔታ የምላጭን ስለት እንደሚሸራርፍ አሳይተዋል። እንዲህ የተሸራረፈ ስለት ድንጋይ እንጂ ጠፍር አይመልሰውም። ቅንጣቱ ግማሽ ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ) የሚያህል አረንጓዴ የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት ብረት እንደሚፍቅ ግን አያጠራጥርም፤ ስለዚህ ለብቻው በተለየ ጠፍር ላይ እንጂ በዕለት ጠፍር ላይ መቀባት የለበትም።

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ነፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋ በጠፍሩ ላይ ካረፈ ስለቱን ይጭረዋል፤ ስለዚህ ጠፍር በመስኮት አጠገብ ተሰቅሎ አይቆይም፤ ከመጠቀም በፊትም በመዳፍ ይጠረጋል። የመዳፍ ወዝ በራሱ ለቆዳው ይበቃዋል። በበጋው ድርቀት ቆዳው ከጠነከረ ጥቂት ጠብታ የከብት እግር ዘይት ይቀባል። ቅቤ ግን ከጊዜ በኋላ ይሸታል፣ አቧራም ይይዛል። በጠርዙ ላይ የደረሰ ትንሽ የመቆረጥ ጉዳት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ መሐሉን የቆረጠ ስንጥቅ ያለበት ጠፍር ግን መለወጥ አለበት።