በላይፍ ኮቺንግ «ቀልብን ሰብስቦ መገኘት» ምንድን ነው?

አንድ ሰው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሆን «ቀልቡ እዚህ የለም» እንላለን፤ ምክንያቱን በቃል ማስረዳት ሳንችል ነገሩን ስንጠራጠረው ደግሞ «ቀልቤ አልተቀበለውም» እንላለን። ቃሉ በዐረብኛም ልብ ማለት በመሆኑ፣ ቁርኣን በሚቀራባት ሐረርም ሆነ ብዙ ቋንቋ በአንድ ግቢ በሚነገርባት ድሬዳዋ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። የላይፍ ኮቺንግ (ሰው ስለ ሕይወቱ የራሱን መልስ እንዲያገኝ በጥያቄ የማገዝ ሙያ) ባለሙያዎች ለየብቻ የሚጠሯቸው ሁለት ሐሳቦች፣ ማለትም ከተናጋሪው ጋር በሙሉ ልብ መገኘትና ከውስጥ የሚመነጭ ማስተዋል፣ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አብረው መኖራቸውም ተገቢ ይመስለኛል፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይሰማምና።

ኮች፣ ማለትም የዚህ ሙያ ባለቤት፣ ከሽማግሌ የሚለየው ፍርድም ምክርም ባለመስጠቱ ነው። በ1995 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን በ2019 ካሻሻላቸው 8 ዋና ዋና ብቃቶች አምስተኛው ይኸው መገኘት ሲሆን፣ ኮቹ የራሱን ስሜት እንዲገዛ፣ መልሱን አለማወቁ እንዳያስጨንቀው፣ ለዝምታም ቦታ እንዲተው ይጠይቃል። እንግዳ ፊት ዝም ማለት እንደ ማኩረፍ በሚቆጠርበት አገራችን ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ የመጨረሻው ነው።

ለምሳሌ፣ ወንድሙ ከጅቡቲ «ና፣ አብረን እንነግድ» ያለውን አንድ የድሬዳዋ ወጣት እናስብ። ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ የአሁኑን ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የሸቀጡን ዋጋ በፍጥነት ይዘረዝራል፤ በመካከሉ «እናቴም አለች» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ወደ ሒሳቡ ይመለሳል። ቀጣዩን ጥያቄ በልቡ ሲያዘጋጅ የነበረ ኮች ይህች ቅጽበት ታልፈዋለች፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝን ከትርፍ ሲያነጻጽሩ ሰዓቱ ያልቃል። ቀልቡን የሰበሰበው ግን፣ አንቱታ በማያበዛው በድሬ ልማድ፣ «እናትህን ስታነሳ ድምፅህ ዝቅ አለ» ይለውና ዝም ይላል።

በዚህ ዝምታ ውስጥ የሚሆነውን ካስረዱት አንዱ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ ጋር የሠራው ፈላስፋ ዩጂን ጀንድሊን ነው። በድምፅ የተቀረጹ የሥነ ልቦና ሕክምና ንግግሮችን ሲመረምር፣ ይበልጥ ለውጥ ያገኙት አቀላጥፈው የሚናገሩት ሳይሆኑ፣ መሃል ላይ ቆም ብለው በሰውነታቸው የሚሰማቸውንና ገና ቃል ያልወጣለትን ነገር ለመግለጽ የሚታገሉት እንደሆኑ አስተዋለ። እኛ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የምንለው ለዚህ ቅርብ ነው፤ ልዩነቱ፣ እኛ ብለነው እናልፋለን፣ እሱ ግን እዚያው ቆይተን ስሜቱ የያዘውን ነገር እንድንጠይቅ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ ቀልብ የነገረን ሁሉ እውነት አይደለም፤ ይህን አለመናገር ተገልጋይን መጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና ጋሪ ክላይን በ2009 ባሳተሙት የጋራ ጽሑፍ፣ የውስጥ ስሜት የሚታመነው ነገሩ ቋሚ ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየውም ስሕተቱን እያየ ሊማርበት በቂ ዕድል ሲያገኝ እንደሆነ አስረድተዋል። በቀፊራ ገበያ ለዓመታት በዱቤ የሸጠች ሴት ዕዳውን የሚከፍለውንና የማይከፍለውን ደንበኛ ቀልቧ ቢለይላት ደጋግማ ስለተፈተነች ነው፤ ጅቡቲን አይቶ የማያውቀው ወጣት ስለ ንግዱ የሚሰማው ግን እንዲህ ያለ ፈተና አላለፈም። ስለዚህ ቀልቡ ስለ ገበያው ሊነግረው የሚችለው ጥቂት ነው፤ እሱ ራሱ ስለሚፈራውና ስለሚሳሳለት ነገር ግን ብዙ ሊነግረው ይችላል።

የኮቹም ቀልብ ከዚህ ጥንቃቄ ነፃ አይደለም። የተሰማውን እንደ ብያኔ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ያቀርባል፣ ካልሆነም ይተወዋል። «እናትህ እንዳትሄድ ፈልገው ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ ወጣቱ «አይ፣ ሂድ ያለችኝስ እሷ ናት፤ ትቻት መሄድ ያቃተኝ እኔ ነኝ» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮቹ ግምቱን ሳይሟገትለት ጥሎ ወጣቱ አሁን የተናገረውን ይከተላል።