ዘረመልን ዝም ማሰኘትና መድኃኒቱን ዕጢው ዘንድ ማድረስ፤ የካርሲኖማ ሕክምና ምርምር ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ካርሲኖማ የሚባለው ካንሰር ሰውነትን ከውጭም ከውስጥም ከሚያለብሱት የሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ ነው። የቆዳ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የሳንባ፣ የጡት ቱቦ፣ የማህፀን በርና የትልቁ አንጀት ካንሰሮች በአብዛኛው ከዚህ ሽፋን ይበቅላሉ፤ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮችም ብዙዎቹ የዚህ ወገን ናቸው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም በብዛት የሚገኙት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው። ከወረኢሉ፣ ከተንታ፣ ከቃሉ ወይም ከባቲ ተነሥታ ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የምትደርስ ታማሚ በአብዛኛው የሚጠብቃት ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ነው። ጨረር ያስፈለጋቸው የወሎ ታማሚዎች ደግሞ ለብዙ ዓመታት 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ላለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት በዓለም ላይ ሌላ ዓይነት ሕክምና ሲጠና ቆይቷል። ሐሳቡ ዕጢውን የሚያሳድገውን ዘረመል ለይቶ ትእዛዙን ማቋረጥ፣ ማለትም ዘረመሉን ዝም ማሰኘት ነው። ከዘርፉ ውጭ ያለ ሰው ከባዱ ሥራ ይኸው ዝም ማሰኘቱ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ያ ክፍል በአብዛኛው መልስ አግኝቷል። ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሣቸው መድኃኒቱን ሳይበላሽና ሳይባክን ዕጢው ውስጥ ማስገባት ነው።

ዘረመል በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ይቀመጣል፤ ትእዛዙን ይዞ የሚወጣው መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባለው ቅጂ ነው። ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራው ይህን ቅጂ እያነበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንዲት ሚጢጢ ትል ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከአንድ ዘረመል ጋር የሚመሳሰል ባለ ሁለት ድርድር አር ኤን ኤ ሲሰጣት ያ ዘረመል ሥራውን እንደሚያቆም አሳዩ። ለዚህ ግኝታቸው በ2006 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ2001 ደግሞ ቶማስ ቱሽልና ባልደረቦቹ በጀርመን 21 ፊደል ብቻ ያለው አጭር ድርድር በሰው ሕዋስ ውስጥም ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ አረጋገጡ። አሠራሩ የረቀቀ ነው። ዳይሰር የሚባለው ኢንዛይም ረጅሙን አር ኤን ኤ ይቆራርጠዋል፤ ሪስክ የሚባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ከቁራጩ አንዱን ድርድር ይዞ የሚመሳሰለውን መልእክተኛ ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም አርጎኖት 2 የተባለው ፕሮቲን ይቆርጠዋል። አንድ መሪ ድርድር አንዱን መልእክተኛ ካስቆረጠ በኋላ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ ጥቂት መድኃኒት ብዙ መልእክት ያጠፋል። ዲ ኤን ኤው ስለማይነካ ውጤቱ ጊዜያዊ ነው፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ዘረመሉ እንደገና ይናገራል።

የማህፀን በር ካንሰር ለዚህ ሐሳብ የተመቸ ምሳሌ ነው። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ፣ በተለይም 16ኛውና 18ኛው ዓይነት ነው። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ዘረመሎቹን ሕዋሱ ውስጥ ይተክላል። ኢ6 የሕዋሱን ዘብ ፒ53ን ያስፈርሰዋል፤ ኢ7 ደግሞ የሕዋስ መባዛትን የሚገታውን አርቢ የተባለውን ፕሮቲን ያሰናክላል። በ2002 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለት ዘረመሎች በአጭር አር ኤን ኤ ዝም ሲያሰኟቸው ፒ53 ተመልሶ ተከማቸ፤ ኢ7 የታፈነባቸው ሕዋሳትም ሞቱ። የሚታፈነው ዘረመል የቫይረሱ እንጂ የሴትዮዋ አለመሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ጤነኛው ሕዋስ የሚያጣው የለም። ይህ ሲባል ግን ክትባቱን የሚተካ አድርጎ ማሰብ አይገባም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትና በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ዛሬ በእጅ ያሉ፣ ሕይወት የሚያተርፉ ነገሮች ናቸው። ጥናቱ ደግሞ ሕመሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ለሚመጡት ነው፤ እነርሱም ብዙ ናቸው።

ሰሐን ላይ ባደጉ ሕዋሳት የሠራው መድኃኒት ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ራቁቱን የተወጋ አጭር አር ኤን ኤ በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይበሉታል። የተረፈውን ኩላሊት በደቂቃዎች ውስጥ አጣርቶ ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ከዚያም ያመለጠው የሕዋስ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ አር ኤን ኤውም ግድግዳውም አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ማመላለሻ ያስፈልጋል። በስፋት የሚሠራበት የስብ ናኖ ቅንጣት ሲሆን ከአራት ነገሮች ይሠራል፦ አሲድ ሲነካው አዎንታዊ ሙል ከሚይዝ ሊፒድ (ስብ)፣ ከኮሌስትሮል፣ ከፎስፎሊፒድና ፔግ የሚባል ፖሊመር ከተያያዘበት ሊፒድ። የኮቪድ የአር ኤን ኤ ክትባቶች የተጠቀለሉትም በዚሁ ነው። ቅንጣቱ ወደ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ኩላሊት አያልፈውም።

ሕዋሱ ቅንጣቱን ሲውጥ ኢንዶዞም በምትባል ከረጢት ውስጥ ይዘጋዋል፤ ከረጢቷ እየኮመጠጠች ሄዳ የያዘችውን ታፈጫለች። አሲድ የሚሰማው ሊፒድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሙል ይዞ የከረጢቷን ግድግዳ ቀዶ ጭነቱን እንዲያወጣ ይታሰባል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሐረጎ ላይ እንደሚያቃስተው ሁሉ፣ ይህ መድኃኒትም ረጅሙን ጉዞ ጨርሶ የመጨረሻዋ ዳገት ላይ ይቀራል። በ2013 በታተመ ጥናት መሠረት ሕዋስ ከዋጠው አጭር አር ኤን ኤ ከኢንዶዞም የሚያመልጠው ከ1 እስከ 2 በመቶው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ኪሳራም ከባድ ነው፤ የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ በ2016 የወጣ ዳሰሳ፣ በእንስሳት ላይ ከተወጉት ናኖ ቅንጣቶች ዕጢው ዘንድ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ እንደነበር አስልቷል። የቀረውን በብዛት ጉበትና ጣፊያ ይወስዱታል።

ዕጢ ናኖ ቅንጣትን ይሰበስባል የሚለው ተስፋ የመጣው ከጃፓን ነው። ማትሱሙራና ማኤዳ በ1986 የዕጢ ደም ሥሮች ቀዳዳቸው ሰፊ መሆኑንና ትላልቅ ሞለኪውሎች በዚያ ሾልከው ዕጢው ውስጥ እንደሚከማቹ ጻፉ። በአይጥ ላይ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነገር በሰው ላይ ከታማሚ ታማሚ፣ ከዕጢ ዕጢ ይለያያል። ቢሆንም ፍሬ አፍርቷል። ሊፖዞም በሚባል የስብ ከረጢት የተጠቀለለው ዶክሶሩቢሲን፣ የኬሞቴራፒ መድኃኒቱ፣ በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ጥቅሙም በዋናነት ልብን ከመድኃኒቱ ጉዳት መጠበቅ ሆነ።

ያልተጠቀለለውን ዶክሶሩቢሲን የኬሞቴራፒ ክፍል ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደማቅ ቀይ ፈሳሽ ነው። ነርሷ መርፌው ደም ሥር ውስጥ መሆኑን ደጋግማ የምታረጋግጠው ጠብታው ወደ ሥጋ ከፈሰሰ ሕብረ ሕዋሱን ስለሚያቃጥል ነው። ታማሚዋ በማግሥቱ ሽንቷ ቀልቶ ስታይ ደም መስሏት እንዳትደነግጥ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። አንዳንድ ዕጢዎች ይህን መድኃኒት መልሰው የሚተፉበት ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አላቸው። የፓምፑን ዘረመል የሚያፍን አር ኤን ኤና ዶክሶሩቢሲንን በአንድ ቅንጣት አብሮ መስጠት ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩበት ሐሳብ ነው። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ ያለው ይህ ይመስለኛል፤ ያለንን ርካሽ መድኃኒት ሳይጥል ያጠነክረዋልና።

በሕክምና ላይ የዋለው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት ፓቲሲራን ነው። በ2018 የተፈቀደው በዘር ለሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ሲሆን ዋጋው ሲወጣ በዓመት 450 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋልናክ ከሚባል ስኳር ጋር ተያይዘው ከቆዳ ሥር የሚወጉ ሌሎችም ተፈቅደዋል፤ ስኳሩን የጉበት ሕዋስ በሩ ላይ ያውቀዋል። ለካንሰር የተፈቀደ ግን አንድም የለም። ስለዚህ «የዘረመል መድኃኒት» እያለ ለካንሰር ታማሚ ቤተሰብ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ አለማመን ነው።

የተሞከሩት ግን ጥቂት አይደሉም። በ2010 ማርክ ዴቪስና ባልደረቦቹ በደም ሥር የተሰጠ ቅንጣት በሰው ዕጢ ውስጥ ደርሶ ዘረመል እንዳፈነ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ፤ ናሙናው የተወሰደው ግን ሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ቀለም ሕዋሳት ካንሰር፣ ካለባቸው ታማሚዎች ነበር፤ ሜላኖማ ደግሞ ካርሲኖማ አይደለም። በ2013 ውጤቱ የወጣ ሌላ ሙከራ ሁለት ዘረመሎችን የሚያፍን መድኃኒት ለ41 ታማሚዎች ሰጥቶ ነበር፤ ወደ ጉበት የተዛመተ የማህፀን ካንሰር የነበረባት አንዲት ሴት ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ማይክሮ አር ኤን ኤን (ሕዋስ ራሱ ዘረመልን ለመግታት የሚሠራውን አጭር አር ኤን ኤ) ለካንሰር የሞከረ አንድ ጥናት በአንጻሩ ከባድ የመከላከያ አካል ቁጣ አስከትሎ በ2016 ቆሟል። አንዳንዶች ደም ሥርን ትተው በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ማስቀመጥን መርጠዋል። ለቆሽት፣ ማለትም ለፓንክሪያስ፣ ካንሰር ኬራስ የተባለውን ዘረመል የሚያፍነው አር ኤን ኤ ቀስ እያለ በሚሟሟ ፖሊመር ተሸፍኖ በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይተከላል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ውጤት በ2015 ታትሟል። የቆዳ ካርሲኖማን በዚሁ መንገድ፣ እዚያው ቁስሉ ላይ በመውጋት ለማከም የተደረጉ ሙከራዎችም አሉ።

የቆዳው ነገር ወሎን በቅርብ ይነካል። ለደሴ ቅርብ የሆነው ቦሩ ሜዳ፣ በታሪክ እ.ኤ.አ. በ1878ቱ የሃይማኖት ጉባኤ የሚታወቀው ቦታ፣ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ስም ያለው ሆስፒታል አለው። ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስል፣ የሥጋ ደዌውም ጭምር፣ አንዳንድ ጊዜ ስኳመስ ወደሚባለው የቆዳ ካርሲኖማ ይለወጣል። በዓይን የሚታይና በመርፌ የሚደረስ ዕጢ ለዚህ ምርምር ከሁሉ የቀለለ ደጃፍ ነው፤ ጉበትም ኩላሊትም መሐል አይገቡም።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ፋርማሲ በደሴ፣ ምሕንድስናው በኮምቦልቻ መሆኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ትርጉም አለው። ሊፒዶችን ከአር ኤን ኤ ጋር በተወሰነ መጠን ቀላቅሎ ተመሳሳይ ቅንጣት ማውጣት የኬሚካል ምሕንድስና ጥያቄ ነው፤ ቅንጣቱ በታማሚው ላይ የሚያደርገው ደግሞ የፋርማሲ። የአር ኤን ኤውን ድርድር መምረጥ በነጻ በሚገኙ የዘረመል መዛግብትና በአንድ ኮምፒውተር ሊጀመር ይችላል። ሕዋስ ማሳደግ ግን የማይቋረጥ መብራት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅንና ንጹሕ ክፍል ይጠይቃል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ከነመሣሪያው ሲዘረፍ የታየው እንዲህ ያለ አቅም እንዴት በቀላሉ እንደሚጠፋ ነው። የማጓጓዣው ሙቀትም ይታሰብ፦ ከመጀመሪያዎቹ የኮቪድ አር ኤን ኤ ክትባቶች አንዱ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ ከዜሮ በታች ሲፈልግ፣ ጋልናክ የተያያዘበት የኮሌስትሮል መድኃኒት ኢንክሊሲራን በክፍል ሙቀት ይቀመጣል። ለኮምቦልቻ ሞቅ ያለ አየር የሚስማማው የኋለኛው ዓይነት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ፓቶሎጂ፣ ማለትም የዕጢ ናሙና ምርመራ፣ ነው። ኬራስ ላይ ያነጣጠረው መድኃኒት የሚያገለግለው ኬራስ ዘረመሉ የተለወጠበትን ዕጢ ብቻ ነው፤ ዕጢውን ያላነበበ ሐኪም መድኃኒቱ ቢመጣለት እንኳ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም። የጡት ዕጢ ናሙና በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው፤ ከወረዳ ሆስፒታል ተልኮ መንገድ ላይ ከዚያ በላይ የቆየ ወይም ፎርማሊን ያነሰበት ናሙና የሆርሞን ተቀባዩንም ሄር2 የተባለውን ፕሮቲን ምርመራም ያዛባል፤ ዲ ኤን ኤውና አር ኤን ኤውም ይሰባበራሉ። ስለዚህ በዕቃው ላይ ናሙናው የተወሰደበትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት መጻፍ አለበት።