ለመጀመሪያው ኪራይ ቤት ሸሪክ ስትፈልጉ የምትሰሟቸው የተሳሳቱ ነገሮች

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ቡና ላይ ስንቀመጥ የቤት ወሬ አይጠፋም። ቤት ገዝቶ ማከራየት፣ ከማን ጋር ላዋጣ የሚለው ወሬ። ከሚወራው ግን ብዙው ሰው ያሳስታል።

«ብር ያለው ሸሪክ ካላገኘሁ አልጀምርም።»
ግዴታ አይደለም። በኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር ነው) እስከ 4 አፓርትመንት ያለው ቤት 3.5 በመቶ ቅድሚያ፣ ማለትም ዳውን ፔይመንት፣ ከፍላችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ የክሬዲት ነጥባችሁ 580 ከሞላ። አንዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ትኖራላችሁ፣ ሌሎቹን ታከራያላችሁ።

«ዕቁብ ወጥቶልኛል፣ ዳውን ፔይመንቱ አለቀ።»
ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። አበዳሪው የ2 ወር የባንክ ስቴትመንት ያገላብጣል። ባለፈው ሳምንት በጥሬው የገባ 15,000 ዶላር ካየ፣ ከየት መጣ ብሎ ማስረጃ ይጠይቃል፤ «ዕቁብ ነው» ብሎ ነገር ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ዕጣውን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፣ በቼክ ይሁን፣ ባንክ ውስጥ ይክረም። ዘመድ ያበደራችሁን ደግሞ «ስጦታ ነው» ብላችሁ ደብዳቤ አታስፈርሙ። የፌዴራል ወንጀል ነው፣ እባካችሁ።

«ኮሳይን ፊርማ ብቻ ነው።»
አይደለም፤ ኮሳይን ማለት የሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም ነው፣ ዕዳው የፈራሚውም ይሆናል። ነገ የራሱን ቤት ልግዛ ሲል ይቆጠርበታል።

«ቴሌግራም ላይ ለጥፌ ከ20 ሰው አሰባስባለሁ።»
ሰዎቹ ገንዘብ ብቻ ሰጥተው ትርፉን ከእናንተ ልፋት የሚጠብቁ ከሆነ፣ ሕጉ እንደ አክሲዮን ሽያጭ ሊያየው ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ለመለየት በ1946 ሃዊ በተባለ ኩባንያ ክስ ላይ ያስቀመጠው መለኪያ ዛሬም ይሠራል። ከመለጠፋችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ።

«አብሮ አደጌ ነው፣ ውል ምን ያደርጋል?»
እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጥር ላይ ማሞቂያው ተበላሸ እንበል። ተከራይዋ ልጆቿን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ትደውላለች፣ ቴክኒሻኑ 6,000 ዶላር ብሏል፣ ዛሬውኑ። አንዱ ሸሪክ እጁ ላይ ምንም የለም። ማን ይከፍላል? የከፈለው ድርሻው ይጨምራል ወይስ እንደ ብድር ይያዝለታል? ይሄ ሁሉ ቤቱ ከመገዛቱ በፊት፣ ገና ስትሳሳቁ፣ መጻፍ አለበት። ኤልኤልሲ (የድርጅቱን ዕዳ ከግል ንብረታችሁ የሚለይ ድርጅት) አቋቁሙ፤ ማን ስንት እንዳወጣ፣ ተከራይ ሲደውል ማን እንደሚያነሳ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው በምን እንደሚተመን፣ ቢፋታ ወይም ቢሞት ምን እንደሚሆን ስምምነቱ ላይ ይግባ። ያለ ወረቀት አብራችሁ ከሠራችሁ ሕጉ ተራ ሽርክና ብሎ ሊቆጥራችሁ ይችላል፣ ያኔ ሸሪካችሁ በሥራው የገባበት ዕዳ እናንተም ቤት ይመጣል።